«ማነህ?» ስለ መባል

ሰው በተፈጥሮው መታመንን ይወዳል። «አላምንህም» ከመባል ይልቅ መራብን የሚመርጥ ሰው ጥቂት አይደለም። የአገራችንም የቆየ ልማድ ይህን ስሜት ይደግፈዋል። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ቢል፣ ባለቤቱ «የእግዜር እንግዳ ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያካፍለዋል፤ መደቡን ለቆለት እርሱ ከመሬት ይተኛል። አገሩንና ወገኑን የሚጠይቀው፣ መጠየቁ ካልቀረ፣ ከበላና ከጠጣ በኋላ ነው። ይህ ያማረ ልማድ ነው፤ ልነቅፈውም አልተነሣሁም።

ነገር ግን ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እህል የሚቀመጥበት ቤት አለ፤ ባሩድ የሚቀመጥበትም ቤት አለ። የባሩድ ቤት ዘበኛ ችቦ የያዘውን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነው» ብሎ ቢያስገባው ደግ ሰው ሊባል አይገባውም፤ ተማምኖበት የተኛውን የመንደሩን ሕዝብ በሙሉ ከድቷልና። እንግዲህ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። በር ላይ ቆሞ «ማነህ? ምን ይዘሃል? ለምን መጣህ?» ተብሎ መጠየቅ ለቅን ሰው ውርደት ነውን? ውርደት ካልሆነስ፣ ጠያቂው ምን ያደረገ እንደሆነ ነው ጥያቄው ወደ ውርደት የሚለወጠው?

ይህን ለመመርመር፣ በዛሬው ዓለም የበር ጥያቄ እጅግ ከጠበቀባቸው ስፍራዎች አንዱን፣ የአቶም ኀይል ማመንጫን፣ ምሳሌ አድርጌ እወስዳለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአቶም ኀይል ማመንጫ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ከወጥ ቤት ሥራ የራቀ አይደለም፤ ውሃ ይፈላል። ልዩነቱ ውሃውን የሚያፈላው እንጨት ወይም ከሰል መሆኑ ቀርቶ፣ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት መሆኑ ነው። እንፋሎቱ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም በተራው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መኪና ያንቀሳቅሳል። ይህ ምድጃ ግን እንደ ሌላው ምድጃ እሳቱን ቢያጠፉት ወዲያው አይበርድም። የአቶሙ መሰንጠቅ በቆመበት ቅጽበት እንኳ ነዳጁ ከሙሉ ኀይሉ ከመቶ ስድስት እጅ የሚያህል ሙቀት መስጠቱን ይቀጥላል፤ ይህም ሙቀት የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከተቋረጠበት ነዳጁ ራሱን በራሱ ያቀልጣል። በጃፓን አገር በፉኩሺማ ዳይኢቺ ማመንጫ የሆነው ይኸው ነው፤ ማርች 11 ቀን 2011 የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል ኤሌክትሪኩን ባቋረጡ ጊዜ የሦስት ምድጃዎች ነዳጅ ቀለጠ።

በዚያ ስፍራ የተፈጥሮ ቍጣ ያደረገውን በሌላ ስፍራ የሰው እጅ ሊያደርገው ይችላል ብሎ ማሰብ ፈሪነት አይደለም። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። አጥር የሚነቀንቀው ግን ከውጭ ያለ ሰው ነው። የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ የትኛው ቧንቧ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አውቆ በየማለዳው በበሩ የሚገባው ሰው አጥሩን መነቅነቅ አያስፈልገውም። ስለዚህ የማመንጫ ጠባቂዎች ትልቁ ሐሳብ ሌሊት አጥር ዘሎ ስለሚመጣው ወንበዴ ብቻ አይደለም፤ ቀን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ስለሚገባውም ባልደረባ ነው።

የዚህን እውነት በቤልጅግ አገር የሆነው ነገር ያስረዳል። ኦገስት 5 ቀን 2014 በዶል ማመንጫ በአራተኛው ክፍል አንድ ሰው የዘይት መክፈቻ ከፈተ። ተርባይኑን የሚያለሰልሰው 65,000 ሊትር ያህል ዘይት ፈሶ ሄደ፤ መዘውሩ ያለ ዘይት ሲዞር ግሎ ተበላሸ፤ ማመንጫውም እስከ ዲሴምበር ወር ድረስ ሥራ ፈታ። ተርባይኑ ከአቶሙ ምድጃ ተለይቶ የቆመ ስለሆነ ጨረር አልወጣም። አድራጊው የመግቢያ ፈቃድ የነበረው ሰው መሆን አለበት ተብሎ ብዙ ምርመራ ተደረገ፤ ነገር ግን ማንነቱ ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ በኋላ ካሜራዎች ተጨመሩ፤ ወደ አንዳንድ ክፍሎችም ሰው ብቻውን እንዳይገባ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሆነው እንዲገቡ ተደነገገ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ጥፋተኛው ስላልታወቀ በዚያ ቀን ሥራ ላይ የነበሩት ንጹሐን ሁሉ ጥርጣሬውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀድሞ በደንብ ተመዝግቦ፣ ማን የት ገብቶ እንደ ወጣ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ የአንዱ ብቻ በሆነ ነበር። እንግዲህ ቍጥጥር በደለኛን መያዣ ብቻ አይደለም፤ ንጹሑንም ንጹሕ ነው ብሎ የሚመሰክርለት እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ጥያቄው በበሩ ላይ እንዴት እንደሚጠየቅ እንይ። በአሜሪካ በአቶም ማመንጫ ውስጥ ያለ አጃቢ ገብቶ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ እኔ ነኝ ያለው ሰው ራሱ መሆኑ ይረጋገጣል። ቀድሞ የት የት እንደ ሠራ ይጠየቃል፤ የጣት አሻራው ተወስዶ ወንጀል ሠርቶ እንደ ሆነ ይመረመራል፤ የዕዳው ታሪክ ይታያል፤ ጠባዩን የሚያውቁ ሰዎች ይጠየቃሉ፤ የሥነ ልቡና ምርመራም ይደረግለታል። ፈቃድ ካገኘ በኋላም ጥያቄው አይቆምም። መጠጥና ዕፅ መውሰዱን ለማወቅ ሠራተኞች በዕጣ እየተጠሩ ይመረመራሉ፤ በዓመት የሚደረገውም ምርመራ ከሠራተኛው ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ያህል እንዲሆን ሕጉ ያዛል። በየማለዳው በሩ ላይ ፎቶግራፉ ያለበትን መታወቂያ ያሳያል፤ ብረትና ፈንጂ በሚለዩ መሣሪያዎች መካከል ያልፋል፤ የእጁን ቅርጽ በሚያነብ መኪና ላይ እጁን የሚያስቀምጥበትም ማመንጫ አለ። ከበሩም ውስጥ በር አለ፤ የምድጃው ሕይወት ወደ ተመሠረተባቸው ክፍሎች የሚገባው በዚያ ሥራ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው «ይህስ ሰውን እንደ ሌባ መቍጠር ነው» ይል ይሆናል። በፋብሪካ የሚሠራ አንድ ወጣት ዘመዴ ይህንኑ በሌላ ቃል ነግሮኛል። «ጋሼ፣ ማታ ማታ ስንወጣ ተሰልፈን ኪሳችን ይፈተሻል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት ሚስማር አልወሰድሁም። እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ንቀት አይደለም?» አለኝ። እኔም «ሁላችሁም ትፈተሻላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኛ ሁላችን እንፈተሻለን፤ አለቆቹ ግን በመኪና ሆነው ሲወጡ ዘበኛው ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ይከፍትላቸዋል» ሲል መለሰልኝ።

ይህ ወጣት የቍስሉን ስፍራ በጣቱ ያመለከተ መሰለኝ። ያስቈጣው መፈተሹ አልነበረም፤ እርሱ ሲፈተሽ ሌላው ሳይፈተሽ ማለፉ ነበር። ሁሉን የሚጠይቅ በር ማንንም አይሰድብም። ዝናብ በሁሉ ላይ ሲዘንብ ማንም ሰው ዝናቡ በእኔ ላይ ጠላትነት አለው አይልም። በር ድኻውን አስቁሞ ጌታውን ሲያሳልፍ ግን፣ ለድኻው «ሌባ ሊሆን የሚችለው አንተ ብቻ ነህ» ማለቱ ነው። ይህም ስድብ ብቻ ሳይሆን ሞኝነት ነው፤ ምክንያቱም ትልቅ ስርቆት የሚሰረቀው በኪስ አይደለም።

እንግዲህ የበር ጥያቄ ፍትሐዊ እንዲሆን የመጀመሪያው ግዴታ ሰውን ሁሉ በእኩል መጠየቁ ነው። ይህን ግዴታ የጣሰ አገር ምን እንደሚደርስበት ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ። በ1952 በወጣው ሕግ መሠረት በዚያ አገር ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሰው ሁሉ የይለፍ መጽሐፍ ይዞ እንዲዞር ይገደድ ነበር። በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ሲሄድ ፖሊስ «ማነህ? ለምን እዚህ ተገኘህ?» ይለዋል፤ መጽሐፉን በእጁ ካልያዘ ይታሰራል። ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ሕዝቡ መጽሐፉን ቤቱ ትቶ «እነሆ እሰሩን» ብሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ፣ ፖሊሶቹ ተኵሰው ቢያንስ 69 ሰዎች ገደሉ። ያም ሕግ እስከ 1986 ድረስ ቆየ።

በዚሁ አገር፣ በኬፕታውን አጠገብ፣ ኩበርግ የሚባል የአቶም ኀይል ማመንጫ ይሠራ ነበር። በዲሴምበር 1982፣ ነዳጁ ገና ወደ ምድጃው ሳይገባ፣ አራት ፈንጂዎች በማመንጫው ውስጥ ፈነዱ፤ ሥራውም ለብዙ ጊዜ ተጓተተ፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ፈንጂዎቹን ያስገባው ሮድኒ ዊልኪንሰን የሚባል በዚያው የሚሠራ ሰው ነበር፤ የዘር አገዛዙን በመጥላት ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግሬስ ተዋጊዎች ጋር ተባብሮ ነበር። ይህ ሰው ነጭ ነበር። ጥቁሩን ሰው በየመንገዱ ማዕዘን «ማነህ?» እያለ ሲያስቆም የኖረ መንግሥት፣ ፈንጂ የያዘውን ነጭ ሠራተኛ ወደ ትልቁ ምድጃው አስገባው። ዓይኑ ቆዳ ላይ ተተክሎ ስለ ነበር እጅን አላየም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። አንደኛው፣ በዘርና በመልክ ላይ የተመሠረተ ጥርጣሬ በደል መሆኑ ሳያንሰው ከንቱም መሆኑ ነው፤ ንጹሑን ያሠቃያል፣ የሚፈራውንም አያገኘውም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ፍትሕ የጠፋበትን አገር በር ብቻውን አይጠብቀውም። ዊልኪንሰን የተነሣበት ዓላማ ነጻነት መሆኑን አልክድም፤ በአቶም ማመንጫ ውስጥ ፈንጂ ማፈንዳት መልካም መንገድ ነው ብዬም ለማንም አልመክርም። የምለው ይህን ነው፤ በውስጡ የሚሠሩትን ሰዎች ኅሊና ያቈሰለ ሥርዓት ዘበኛ ቢያበዛ ጠላቱን ዘበኛ አድርጎ እንዳይቀጥር ማን ዋስ ይሆነዋል?

ሁለተኛው ግዴታ፣ ጠያቂው መልስ የሚሰማ መሆኑ ነው። በደንብ ያልተነበበ ወረቀት፣ ስም ከስም ጋር መመሳሰል፣ የጠላት ሐሰተኛ ምስክርነት ንጹሕን ሰው ከእንጀራው ሊያፈናቅለው ይችላል። በዚህ ረገድ የአሜሪካው ደንብ የሚመሰገን አንቀጽ አለው። ፈቃድ የተከለከለ ሰው የተከለከለበት ምክንያት ይነገረዋል፤ ማስረጃውን እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል፤ ነገሩንም አስቀድሞ ያልፈረደበት ሌላ ሰው እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። «አትገባም» ብሎ ምክንያቱን የማይናገር በር የግንብ ጠባይ አለው እንጂ የዳኛ ጠባይ የለውም። ሰውን መጠየቅ መብትህ ከሆነ እርሱን መስማት ግዴታህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በእነዚህ ማመንጫዎች ሠራተኛ ሁሉ የባልደረባውን ሁኔታ እንዲያስተውል፣ ጠባዩ ተለውጦ ወይም ሰክሮ ያየው እንደ ሆነም ለአለቃው እንዲናገር ይታዘዛል። በእኛ ዘንድ ጆሮ ጠቢ የተጠላ ነው፤ መጠላቱም ተገቢ ነው። ታዲያ ይህ ትእዛዝ ሰውን ሁሉ ጆሮ ጠቢ አያደርገውምን? እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ከሦስት ነገር ይታወቃል። ጆሮ ጠቢ የሚናገረው ስለ ሰው ሐሳብ ነው፤ ጠባቂ የሚናገረው ለሌላው ሕይወት ስለሚያሰጋ ድርጊት ነው። ጆሮ ጠቢ ዋጋ ይቀበልበታል፤ ጠባቂ ምንም አያገኝበትም፣ አንዳንድ ጊዜም ይጎዳበታል። ጆሮ ጠቢ የሰውየውን ውድቀት ይፈልጋል፤ ጠባቂ ግን ሰውየው ታክሞ እንዲመለስ ይመኛል። የከባድ መኪና ነጂ ወዳጅህ ሰክሮ መሪ ሲይዝ ዝም ብትለው ፍቅርህ ለእርሱም ለመንገደኛውም ሞት ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን የጥበቃውን ጕድለት ማጋለጥ ራሱ መልካምና ክፉ መንገድ አለው። በ1979 በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት በሰሪ ማመንጫ ሁለት ተለማማጅ ሠራተኞች አዲስ ነዳጅ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገብተው በ62 የነዳጅ ጥቅሎች ላይ ኮስቲክ ሶዳ አፈሰሱ። ሲጠየቁ «የጥበቃውን መላላት ሕዝቡ እንዲያውቅ ብለን ነው» አሉ፤ ፍርድ ቤቱም ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። በ2007 ደግሞ በፔንሲልቬንያ ግዛት በፒች ቦተም ማመንጫ አንድ ዘበኛ ባልደረቦቹ በሥራ ሰዓት እንቅልፍ ሲወስዳቸው አየ። ለአለቆቹ ተናገረ፤ አልሰሙትም። በዚህ ጊዜ የተኙትን በካሜራ ቀርጾ አሳየ፤ ነገሩም በቴሌቪዥን ታየ። ከዚህ በኋላ የጥበቃው ኩባንያ ውሉን አጣ። ሁለቱም ወገኖች «በሩ ላልቷል» ብለዋል። የመጀመሪያዎቹ ግን አደራ የተሰጣቸውን ዕቃ አበላሽተው ተናገሩ፤ ሁለተኛው አደራውን ሳይነካ እውነቱን ብቻ አሳየ። እውነትን ለማሳየት አደራ መብላት አያስፈልግም።

የተኙትን ዘበኞች ብቻ መውቀስም ሙሉ ፍርድ አይሆንም። ለረጅም ሰዓት የተተከለ ሰው ዓይኑ ቢከደን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን? በአሜሪካ በ2008 የወጣው ደንብ ይህን ተመልክቶ፣ በማመንጫው ውስጥ ዋና ዋና ሥራ የያዙ ሰዎችና ዘበኞች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥም ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። የሚያስደስተኝ ነገር፣ ሠራተኛው ሰክሮ እንዳይገባ የሚከለክለውና አለቃው ሠራተኛውን ከአቅሙ በላይ እንዳያሠራው የሚከለክለው ደንብ በአንድ ክፍል ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሰካራምም የደከመም እጅ ይስታል፤ አንደኛውን የሚቀጣ ሕግ ሁለተኛውን የሚያሳርፍ መሆን አለበት።

ይህም ወደ ሦስተኛውና፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ወደሚበልጠው ግዴታ ያደርሰናል። «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውየውም መጠየቅ አለበት። በአቶም ማመንጫ ውስጥ ጨረር ወዳለበት ክፍል የሚገባ ሠራተኛ ደረቱ ላይ ሁለት ነገር ያንጠለጥላል። አንደኛው መታወቂያው ነው፤ ሁለተኛው የጨረር መለኪያው ነው። መታወቂያው ማመንጫውን ከሰውየው ይጠብቃል፤ መለኪያው ሰውየውን ከማመንጫው ይጠብቃል። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ምን ያህል እንደ ተቀበለ የሚያውቀው በመለኪያው ብቻ ነው። በብዙ አገሮች ሠራተኛ በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊሲቨርት፣ በአንዱም ዓመት ከ50 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳይቀበል ተወስኗል። ይህ ሒሳብ ትክክል የሚሆነው ግን የሰውየው ስም እውነተኛ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ዛሬ በአንድ ስም፣ ከመንፈቅ በኋላ በሌላ ማመንጫ በሌላ ስም የሚሠራ ሰው ሁለት ትንንሽ ቁጥር ይጻፍለታል፤ ሥጋው ግን አንድ ስለ ሆነ ድምሩን ይሸከማል።

በፉኩሺማ የሆነውን ስናነብ የዚህ ነገር ክብደት ይገባናል። በማመንጫው 5,000 ያህል መለኪያዎች ነበሩ፤ ማዕበሉ አብዛኛዎቹን አበላሽቶ ለሥራ የተረፉት 320 ያህል ብቻ ሆኑ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙ የሥራ ቡድን ውስጥ መለኪያ የሚያንጠለጥለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእርሱ ቁጥር የሌሎቹም ቁጥር ተደርጎ ይጻፍ ነበር። በኋላ ኩባንያው ሠራተኞቹን ጠርቶ ወደ ሰውነታቸው የገባውን ጨረር ሊያስመረምር ባሰበ ጊዜ፣ በመዝገብ ላይ ካሉት ብዙ አሥሮችን ሊያገኛቸው አልቻለም። በሥራ ተቋራጮች እጅ የመጡ ነበሩና አንዳንዱ ስም የማን እንደ ሆነ የሚናገር ጠፋ። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው የመከራ ቀን ወደ እሳቱ የገቡ ናቸው። ሲገቡ በሩ «ማነህ?» ብሎ አጥብቆ ስላልጠየቃቸው፣ ሲወጡ «እንዴት ነህ?» የሚላቸው አጡ።

ከዚያም የባሰ አለ። በዚያው ማመንጫ በዲሴምበር 2011 የአንድ ተቋራጭ ኀላፊ ሠራተኞቹ መለኪያቸውን በእርሳስ ብረት እንዲሸፍኑ እንዳዘዘ በ2012 ተገለጠ። የዚህ ትእዛዝ ዓላማ መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር እንዲያሳይና ሰዎቹ ለብዙ ጊዜ እንዲሠሩ ነበር። ሠራተኛው ይህን እንዴት እሺ ይላል? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። ቁጥሩ ከወሰኑ የደረሰ ሰው ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ ቤቱም የሚበላ ይጠብቀዋል። ከሳንባውና ከልጆቹ እንጀራ አንዱን ምረጥ የተባለ አባት የትኛውን እንደሚመርጥ ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ እውነቱን የተናገረን ሰው የሚያስርብ ቍጥጥር ሐሰትን ያስተምራል። መለኪያው እንዲታመን ከተፈለገ ቁጥሩ ለሞላበት ሰው ሌላ ሥራ ወይም ሙሉ ደመወዝ መዘጋጀት አለበት፤ ይህ ሳይደረግ ሠራተኛውን ብቻ አታላይ ማለት ጭካኔ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ነገሩ ሩቅ አገር የቀረ ስላልሆነ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የኢትዮጵያና የሩስያ ባለሥልጣኖች የአቶም ኀይል ማመንጫ ለማቋቋም የሚያስችል የሥራ ዕቅድ በሞስኮ ተፈራርመዋል። ይህ ሐሳብ ከፍጻሜ ቢደርስ በዚያ በር የምትገቡትም፣ በዚያ በር ላይ የምትቆሙትም እናንተ ናችሁ። ባይደርስም እንኳ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በአውሮፕላን ጣቢያ፣ በግድብ በር ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይጠብቃችኋል።

ተጠያቂ በሆናችሁ ጊዜ አትቈጡ። ስማችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ እጃችሁን ዘርጉ፤ ለወዳጃችሁ ብላችሁ መታወቂያችሁን አታውሱ፤ በር ከፍታችሁ ያልተመዘገበ ሰው ከኋላችሁ አታስገቡ። ክብራችሁ በዘበኛው መጠየቅ የሚቀንስ ከሆነ ቀድሞውንም ትንሽ ነበረ። ነገር ግን ዘበኛው እናንተን አስቁሞ ሌላውን በዘሩ፣ በሀብቱ ወይም በሹመቱ ያሳለፈ እንደ ሆነ በትሕትና ምክንያቱን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ ትሕትና አይባልም።

ጠያቂ በሆናችሁ ጊዜ ደግሞ ሦስቱን ግዴታዎች አስቡ። አለቃችሁን እንደ ጠራጊው፣ ወገናችሁን እንደ ባዕዱ ጠይቁ። የከለከላችሁትን ሰው ምክንያቱን ንገሩት፣ መልሱንም ስሙ። ከሁሉ በላይ፣ ማለዳ የገባው ሰው ማታ መውጣቱን፣ እንደ ገባም በጤናው መውጣቱን ሳታረጋግጡ መዝገባችሁን አትዝጉ። እረኛ ማታ በጎቹን በበረት በር ላይ የሚቈጥረው በጎቹ ሌቦች ስለ ሆኑ አይደለም፤ አንዲቱ የጐደለች እንደ ሆነ ችቦ ይዞ ሊፈልጋት ነው። ሰውንም የሚቈጥር በር እንዲህ ያለ ልብ ይኑረው።